ከሞጣ ያመጣሁት አውራ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ቢቸና ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር በምንኖርባት ቤት ውስጥ፣ ከመደቧ ራስጌ ግድግዳው ላይ አንድ የንብ ቀፎ ተጋድሞ ነበር። ንቦቹ በግድግዳው ሽንቁር ወደ ደጅ ይመላለሳሉ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ይልቅ ከንቡ ጋር ታወራለች። እውነቱን ልናገርና እቀናበት ነበር።

እናቴ በጠና በታመመችበት ሰሞን የቀፎው አውራ ሞተ። ሴት መሆኗን፣ ንግሥት መባሏን የተማርኩት ኋላ ነው፤ እኛ አገር አውራ ነው የምንለው። አውራ የሌለው ንብ ቀስ በቀስ ያልቃል። እናቴ «ንቤ ካለቀ እኔም አልከርምም» አለች። «ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። በማግስቱ ግን ንብ አናቢው አጎቴ ዘንድ፣ ሞጣ ሄድኩ።

አጎቴ አንድ አውራ ከጥቂት ንቦች ጋር በተበሳሳ የሸምበቆ ቁራጭ ከተው፣ አፉን በሰም ደፈኑልኝ።

«ከነሸምበቆው ቀፎው ውስጥ አኑረው። ንቦቹ ጠረኑን እስኪለምዱት ሦስት ቀን እንዳትከፍት። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ» አሉኝ።

ግንደወይን አድሬ፣ ሸምበቆውን ደረቴ ውስጥ ወሽቄ ቤቴ ገባሁ። እንዳሉኝም አኖርኩት።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ «ተቀበሉት?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። በሁለተኛው ቀን ውሃ እንኳ አልወርድላት አለ፤ ያንኑ ጥያቄ ግን ጠየቀችኝ። ሌላ «ገና» ከአፌ አልወጣ አለ። ሳትሞትብኝ አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገራት ብዬ፣ ሰሙን በቢላዋ ፈለቀቅሁት። አውራው ገና ብቅ ከማለቱ ንቦቹ ተረባርበው ጠቀለሉት። በጭስ በትኜ ሳወጣው ሞቷል። እጄ በተቆረጠ!

ዞር ብዬ «ተቀበሉት፣ እማ» አልኳት።

«እሰይ! ተመስገን» አለችና ጉንጬን ዳበሰችኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ «ዛሬማ አበባ ይዘው ሲገቡ አየሁ» እላታለሁ። እሷም «እሰይ ልጄ» ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን ዐረፈች። ደስ ብሏት ሄደች ብዬ ተጽናናሁ።

ከቀብሩ በኋላ፣ አብራኝ ስታስታምማት የነበረችው ጎረቤታችን ቀፎውን ቀና ብላ እያየች «ምስኪን ንብ! ያለ አውራ ቀረ» አለች።

ክው አልኩ። «ማን ነገረሽ?»

«እናትህ ናታ። ሸምበቆውን የከፈትክ ዕለት የንቦቹን ጩኸት ሰምታ ‹ገደሉት። ልጄ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው ለእኔ ብሎ ነው፤ እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው› አለችኝ። አሁንማ ምን አለበት ብዬ ነው።»

ንብ ስትጠብቅ ያረጀች ሴት፣ ጆሮዋ ሥር የሚጮኸውን ንብ አትለይም ብዬ ነበር እኮ! በዚያ ሁሉ ሕመሟ ላይ እኔን ስታባብል ከረመች። ምነው ያኔ በሰደበችኝ ኖሮ።