አመድ የበላው ቀይ

ፀሐይ መደብ አትለይም የሚል ሰው ወረታን አያውቃትም። ትለያለች እንጅ! የነጋዴው መኪና ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተኝታ ስታንኮራፋ፣ የጎበዜ ቀይ ሚኒባስ ግን ከደጁ ፊት ካለው የሩዝ መፈልፈያ አጥር ሥር ቆማ ክረምቱን ስትበሰብስ፣ በጋውን ስትጠበስ ኖረች። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ያቆማት ለጥቂት ቀን ብሎ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ጎማ ጠፋ፤ ጎማ ሲገኝ ነዳጅ ጠፋ። በዚህ መሐል ቀይነቷ ሸሽቶ ጣሪያዋ የታማሚ ድድ መሰለ። እጅ ያረፈባት እንደሆነ ዱቄት ታለብሳለች።

ጎበዜ ሹፌር ነው፤ ሌላ ምንም ሆኖ አያውቅም። ከቁሐር ሚካኤል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ ረዳት ሆኖ፣ ስድብ ሁሉ ጠግቦ ነው መሪ የጨበጠው። ሚስቱ ስትሞትበት ትንሿን ልጁን ስመኝን ጋቢና አስቀምጦ ወረታ ሐሙሲት ይመላለስ ጀመር። ልጅቱ ፊደል የለየችው ከፊት በሚሄዱ አይሱዙዎች ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጥቅስ ነው። "አባየ፣ ስዳር በዚችው ነው የምወጣ" ትለው ነበር። ልጆች ያሉትን ይረሳሉ፤ አባቶች ይዘውት ይኖራሉ።

ስመኝ ታጨች፤ ለአንበሳሜው ሩዝ ነጋዴ ለአቶ በላይነህ ልጅ። አቶ በላይነህ ከገበሬው በርካሽ ገዝቶ መልሶ ለገበሬው በውድ የሚሸጥ፣ የታወቀ የሰፊው ሕዝብ ወዳጅ ነው። ለሽምግልና በመጣ ዕለት ሚኒባሷን ዞር ዞር ብሎ አያት።

"አቶ ጎበዜ፣ ሙሽራዋን በዚች ሊያወጧት ነው? ሠርግ ነው እኮ፤ ተዝካር አይደለም።"

"ለሠርጉ ትቀላለች።"

"ከቀላች እሰየው። ካልቀላች ነጭ መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ይህን ፍርድ ብለው አጸደቁት። የኛ ሽማግሌ ክርክር የሚሰማው በጆሮው ሳይሆን በሆዱ ነው።

ቀለም ሠሪው ባየህ መጥቶ ጣሪያዋን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋት። "የሞተው ላዩ ነው፤ ከሥሩ ቀይ አለ። ጥላ ውስጥ አስገብተን፣ በለስላሳ ጨርቅና ኮምፓውንድ በሚሉት ማወልወያ ቅባት ቀስ እያልን እንገፍፈዋለን። ግን ቀለሟ ሳስቷል አያ ጎበዜ፤ ጫፍ ጫፏን የነካህ እንደሆነ አበቃ። ባሕር ዳር ደርሸ ቅባቱን ይዤ እስክመጣ እጅህን ሰብስብ።"

ባየህ ሄዶ ቆየ። ሠርጉ ግን አልቆየም። ጎበዜ ደጁ ላይ ሲንቆራጠጥ፣ ጎረቤቱ እትየ እናትነሽ ድስት ታጥብ ነበር። ፎገራ ላይ ድስት የሚፈተገው በተቃጠለ የሩዝ ገለባ አመድ ነው፤ ጥቀርሻ የበላውን ብረት መስታወት ያደርገዋል።

"እትየ፣ ይህ አመድ የመኪና ቀለም ያወጣ ይሆን?"

"ምን የማያወጣው አለ! የባሌን ዐመል ብቻ ነው ያቃተው።"

አመዱን በእርጥብ ጨርቅ ዛቅ አድርጎ የሚኒባሷን በር ፈተገው። ቀይ ወጣ! እንደ አዲስ በርበሬ የሚያቃጥል ቀይ። ሰውየው ግንባሩን በሩ ላይ ደግፎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? በጠራራ ፀሐይ ጎኗን፣ ጣሪያዋን፣ ጫፍ ጫፏን ሳይቀር እያንጎራጎረ ፈተጋት። እርጥብ ሳለች ከፋብሪካ የወጣች ትመስል ነበር። ስትደርቅ ጉዱ ፈላ። አመዱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጭሯታል፤ ጠርዟ ሁሉ እስከ ግራጫው የሥር ቀለም ተገልጧል፤ ጣሪያዋ ቅርፊቱ የተነሣ ቁስል ሆኗል። ድስት ቢፋቅ ያው ብረት ነው። የመኪና ቀለም ግን ቆዳ ነው።

ባየህ የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። አያትና የያዘውን ጣሳ ሳይከፍት መሬት አስቀመጠው። "ወይኔ አያ ጎበዜ! የሌለ ቀለም እንዴት አድርጌ ላብራ?"

በማግስቱ ስመኝ ነጭ ለብሳ ወጣች። አቶ በላይነህ የተከራየው ነጭ መኪና አበባ ተለጥፎበት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል። ጎበዜም የቀዩዋን ቁስል በጥብጣብ ሸፋፍኖ፣ ለምኖ ባገኘው ነዳጅ ነድቶ ከነጩ አጠገብ አቁሟታል። ስመኝ ቀጥ ብላ ወደ አባቷ መኪና አመራች። አቶ በላይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሚዜዎቹ አንዷ ሳቋን በእጇ ለማፈን ሞከረች፤ አመለጣት። የስመኝ እግር መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ቀዩም ወደ ነጩም አልል አለ።

ጎበዜ ፊቷን አየ። ሌላ ማየት አላስፈለገውም።

"በነጩ ሂጂ ልጄ። የኔዋ አልነሣም ብላለች፤ ባትሪዋ ሞቷል።"

"ጠዋት ስትነሣ ሰምቻለሁ እኮ አባየ።"

"ያኔ ነው የጨረሰችው። ሂጂ፤ ሰው ቆሟል።"

ጉልበቱን ሳመች። ሲመርቃት ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ቀሪውን ቄሱ ጨረሱለት። መኪኖቹ ጡሩምባ እየነፉ በሐሙሲት መንገድ ወረዱ። ሠርገኛው፣ ያ ንቁ ሕዝብ፣ ሥጋው እንዳይቀዘቅዝበት ወደ ዳሱ ተመለሰ።

ጎበዜ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ጠመዘዘ። በመጀመሪያው ተነሣች።

እትየ እናትነሽ ድምፁን ሰምታ ከዳሱ ሮጠች። "አንተ ቀጣፊ! ይኸው ተነሣች አይደል? ንዳ እንጅ! አንበሳሜ ሳይገቡ ትደርስባቸዋለህ።"

"ደርሸስ እትየ? ዞር ብላ ካየችኝ ታፍራለች። ዞር ብላ ካላየችኝ ደግሞ..."

ሞተሩን አላጠፋም፤ ማርሽም አላስገባም።