ከፊት የሚሄድ ሰው

ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ይመስላል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀውም። ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ፌስታል በሁለት እጁ ይዟል። ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ነጠላውን ወደ አገጩ ይስባል።

በቴሌቪዥኑ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የፈረንጅ ፊልም ይታይ ነበር። በሐሰት ተመስክሮበት የታሰረው ሰው፣ እስር ቤት ያገኘው ወዳጁ እየደገፈው ከርሞ በመጨረሻ ነጻ ሲወጣ ተሳፋሪው አጨበጨበ። እሱ ግን ወደኔ ጠጋ አለ።

«አያ፣ ያ በሐሰት የመሰከረበት ሰውዬ የት ደረሰ?»

«ፊልሙ አላሳየውም» አልኩት።

«ምነው? ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ አልወደቀም?»

«በነሱ አገር ይህ ወግ የለም።»

«የኛው ዘጠኝ ዓመት ታስሮ በቀደም ተፈታ» አለኝ። «አየሁ ብዬ የመሰከርኩበት እኔ ነኝ። አላየሁም ነበር። ድንጋዩንስ እሸከማለሁ፤ ከፊቴ ሆኖ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው ያጣሁት።»

ይህን ሲል ጋቢዬንና ከዘራዬን ያይ ነበር። ስንቱን ያስታረቅሁ ሰው፣ ስሜ ከሐሰተኛ ምስክር ጋር እንዳይነሳ ፈርቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከሳንጃ በፊት ካለች አንዲት መገንጠያ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ፣ «ፋዘር፣ እዚህ አልነበር የምትወርደው?» አለው።

ፌስታሉን ይዞ ተነሣና እኔን ጠበቀ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሳንጃ ድረስ እሄዳለሁ» አለ።