አንድ ዓመት ብቻ

በማተሚያ ቤቱ ሁሉም «ቀለሜ» ይሉታል። ትምህርት ላይ ጎበዝ ስለነበረ አይደለም፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዞ አያውቅም። ጥፍሩ ሥር የገባው የማተሚያ ቀለም በምንም ሳሙና ስለማይለቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ቆሞ የሠርግ ካርድ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የደረሰኝ ጥራዝ ሲያትም ኖሯል። ሲጠሩት አብሯቸው ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን «እውነተኞቹ ቀለሜዎች የኔ ልጆች ናቸው» ይላታል።

ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ትልቋ በግል ኮሌጅ ፋርማሲ ታጠናለች፤ ሦስተኛ ዓመት ልትገባ ነው። ተጨንቃ፣ ደጋግማ አንብባ፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆዷን እያመማት የምታልፍ ዓይነት ልጅ ናት። ትንሿ ሌላ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ የሚኖሩባትን ቤት በሜትር ለክታ ወረቀት ላይ ነደፈቻትና «አባዬ፣ ይቺን ግድግዳ ብናፈርሳት እኮ ኩሽናው ብርሃን ያገኛል» አለችው። ግንበኛ ጠራ፣ ግድግዳዋ ፈረሰች፣ ኩሽናው በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ «መሐንዲሷ» እያለች ነው የምትጠራት።

ትንሿ የመንግሥት ኮሌጅ መግባቱን በሁለት ነጥብ አጣችው። በፈተናው ሳምንት ትኩሳት ይዟት ነበር። ቢሆንም እህቷ የምትማርበት የግል ኮሌጅ በሥነ ሕንፃ ክፍል ተቀበላት። አባትና እናት በዚያ አልተደናገጡም። እናት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ የእሷ ደመወዝ ለትልቋ፣ ያጠራቀሙት ለትንሿ፣ የእሱ ለቤቱ ብለው ከደለደሉት ቆይተዋል።

ኮሌጁ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አዲስ ሥራ መጣለት። ማሽኑን አስነሳ፤ እንደ ልማዱ ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አንዷን መዝዞ በማጉያ መነጽር አያት። «ለወላጆች በሙሉ» ይላል። ከላይ ያለው አርማ የልጆቹ ኮሌጅ ነው። ዝቅ ሲል «የክፍያ ማሻሻያ፣ አርባ በመቶ» የሚል አነበበ። ደግሞ አነበበው። የክፍሉ ኃላፊ ከወዲያ ማዶ «ቀለሜ! እንዴት ነው፣ ልክ ነው?» አለው።

ልክ ነበር። ቀለሙ አልደበዘዘም፤ መስመሩ አልተዛነፈም። አራት ሺህ ቅጂ አተመ። የደንበኛ ወረቀት ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው፤ እሱም በሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ብጣሽ አውጥቶ አያውቅም። ያን ቀን አንዷን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሚስቱ የሥራ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እንደቆመች አነበበችው።

«ማሻሻያ ይሉታል ደግሞ!» አለች። «ምኑ ነው የተሻሻለው?»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቀው ኮሌጁ የእርዳታ ክፍል ሄዱ። ጸሐፊዋ የደመወዝ ማስረጃቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ የእናንተ ገቢ ከጣሪያው በላይ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ተነሥተው ባንክ ሄዱ። እዚያ ደግሞ አንድ ትሁት ሰውዬ ወንበር ስቦላቸው፣ ገቢያቸው ለትምህርት ብድር ከተቀመጠው ወለል በታች መሆኑን አስረዳቸው።

«እዚያ ከጣሪያ በላይ፣ እዚህ ከወለል በታች» አለች ሚስቱ ደረጃውን ሲወርዱ። «ታዲያ እኛ የት ነው የምንኖረው?»

ሳቁ። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እየሳቁ ሄዱ።

ያለው ለአንዷ ብቻ እንደሚበቃ ሁለቱም ገብቷቸዋል። መኝታ ቤት በሩን ዘግተው ሦስት ቀን መከሩ። «ትልቋን ከመሃል ብናስወጣት እኮ የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ» ትላለች እናት። «ትንሿ ግን ገና አልጀመረችም።» እሱም «ልክ ነሽ» ይላል። ያልተናገሩት ሌላ ነገር ነበር። ትልቋ ተይ ብትባል ትታመማለች፤ ያለቀሰችው ልቅሶ ለወር ይሰማል። ትንሿ ግን ትችላለች። አመዛዝነው አመዛዝነው የመረጡት፣ ብትበደል የማትጮኸዋን ነው። አባት ይህን ያኔም ያውቀው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አስቀምጠው ነገሯት። ትልቋ ወለሉን እያየች ነበር።

«አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ልጄ» አላት። «ቃሌ ነው። አንድ ዓመት።»

ትንሿ እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። «አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ይሁን» አለችና ተነሥታ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

ሥራ ያገኘችው የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ኮሌጁ እንደገና ጨመረ። በሚቀጥለው ዓመት ክሊኒኩ የእናትን የትርፍ ሰዓት ተራ ቀነሰባት። አባት በየዓመቱ «ዘንድሮን ብቻ» ሊላት አፉን ሲከፍት፣ እሷ ቀድማ «ገባኝ፣ አባዬ» ትለዋለች። እሱም እንደ ተገላገለ ሰው ይተነፍሳል፤ በመተንፈሱም ራሱን ይጠላል። አንዱ ዓመት እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሆነ፤ ለትንሿ የተጠራቀመውም አለቀ።

ትልቋ ተመረቀች። የምርቃቱ ዕለት ትንሿ ከሱቅ መውጣት አልቻለችም፤ ጭነት ይራገፍ ነበር። አዳራሹ ስትደርስ ፎቶው ተነሥቶ አልቋል። የሱሪዋን አቧራ አራግፋ እህቷን አቀፈቻትና «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። እንደገና እንነሣ ቢሏት «በዚህ ልብስ?» ብላ አሳቀቻቸው።

ከስምንት ወር ፍለጋ በኋላ ትልቋ አንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ተቀጠረች። የመጀመሪያ ደመወዟን በፖስታ ይዛ መጣችና እህቷ አልጋ ላይ አኖረችው። አባት ከሥራ ገብቶ በኮሪደሩ ሲያልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ውሰጂው» ትላለች ትልቋ። «በየወሩ እሰጥሻለሁ። ተመዝገቢ።»

«ይሄ እኮ እኔ በኮሚሽን ከማገኘው ያንሳል» አለች ትንሿ። እየሳቀች ነው ያለችው። ትልቋ ግን ማልቀስ ጀመረች።

«ቂም ይዘሽብኛል።»

«አንቺን? ምን አደረግሽኝና!» አለች። «ሚዛን ላይ አስቀመጡን፤ እኔ ቀለልኩ። በቃ፣ እንዲህ ነው።»

አባት በሩ አጠገብ ቆመ።

«ትናንት አንዲት ተማሪ መጣች» አለች ትንሿ። «ፕላን ጠቅልላ ይዛለች። ዘርግታ ስታሳየኝ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ከሽንት መቀመጫው ጋር ይጋጫል። ነገርኳት። ደነገጠችና ‹አንቺ የት ነው የተማርሽው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አንድ ካርቶን ሴራሚክ ስንት ካሬ እንደሚሸፍን ነገርኳት።»

ፖስታውን መልሳ እህቷ ቦርሳ ውስጥ ስትከት የዚፑ ድምፅ ተሰማ። «ድሮ ግድግዳ ሳይ እዚህ ጋ መስኮት ቢወጣለት እል ነበር» አለች። «አሁን ስንት ካርቶን እንደሚፈጅ ነው የማስበው። አልዋሽሽም፤ ምኞቱ ከውስጤ ወጥቷል።»

ትንሿ ስትወጣ አባቷን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። መስማቱን ከፊቱ አወቀች። በሃያ ስድስቱ የማሽን ዓመት ላይ ወደ አራት የጨመረ ሰው፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ምሳ ዕቃውን ገና ያላስቀመጠ።

«ልጄ…» አላት።

«ምሳ ዕቃህን አምጣው፣ ልጠበው» አለችና ከእጁ ተቀብላው አለፈች።