አንበሳ ለማየት አዲስ አበባ

ሥራ የጀመርሁት መተማ ዮሐንስ መናኸሪያ ውስጥ ነው፣ በረዳትነት። ባለንብረቱ የመኪናውን ቁልፍ ለሾፌሩ፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ለእኔ ሰጠና «ዕቃ ጣራ ላይ፣ ሰው ወንበር ላይ፣ አንተ በሩ ላይ። ሌላ ሥራ የለህም» አለኝ። በዚያው ቀን ኮኪት ሳንደርስ ራዲያተሩ ፈላ። በዚያ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሜ ውኃ ፍለጋ ስኳትን ዋልሁ። ሌላ ሥራ የለህም ያለኝን ባለንብረት በልቤ ስሰድበው ነበር።

ከዓመታት በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና መሪው ለእኔ ሆነ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ አመላልሳለሁ። ምርቱ ገብቶ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ ደግሞ የገበሬዎች ማኅበር የምነዳትን አነስተኛ አውቶቡስ፣ ኮስተሯን፣ ይከራይና አባላቱን አዲስ አበባ ለጉብኝት ይወስዳል።

አዲስ አበባን እንደ እኔ ደጋግሞ የጎበኘ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የጎበኘሁት ግን ከመኪና ማቆሚያ ሆኜ ነው። ሙዚየሙን እስከ በሩ አውቀዋለሁ። ከእንጦጦ የማስታውሰው ቁልቁለቱ ላይ የጋለ ፍሬን ሽታ ነው። ሰዎቹ ተደስተው ሲመለሱ እኔ ጎማ እያየሁ እጠብቃለሁ። ድካም ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በአንዱ ጉዞ ጋቢና ከጎኔ የተቀመጡት ጋሽ ፈንታሁን የሚባሉ የሽንፋ ገበሬ ነበሩ። ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ ስንወርድ ዞር አሉና፣

«አንበሳው የሚታየው መቼ ነው?» አሉኝ።

«የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ነው የተያዘው፣ ጋሼ።»

«ለምን መጨረሻ ይሆናል?»

«እኔ ነጂ ነኝ፤ አስተባባሪውን ይጠይቁት። ደግሞስ አንበሳ ያለው እናንተ በረሃ አይደል እንዴ? ጎረቤትዎን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ይለፋሉ?»

አልሳቁም። «ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቀውም» አሉ። ጫካው ገና ሲመነጠር፣ እሳቸው ማማ ላይ ሆነው ማሽላ ሲጠብቁ፣ ታናሽ ወንድማቸው አዱኛ ውኃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ዱካውን ያዩ ሰዎች አንበሳ ነው አሏቸው።

«ማማው ለወንዙ ቅርብ ነው። ቢጣራ መስማት ነበረብኝ» አሉ። «አልሰማሁም። እንቅልፍ ጥሎኝ ይሆን? ነፋስ ይሆን? ይኸው እስከ ዛሬ ያብሰለስለኛል። ምን እንደወሰደብኝ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ቀልዴ አሳፈረኝ። ዳገቱን ወጥተን እስክንጨርስ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልሁም።

አዲስ አበባ ገብተን ሙዚየሙ ታየ። በማግስቱ ጠዋት ማረፊያ ቤቱ ስደርስ ዘበኛው ይጮኻል። ጋሽ ፈንታሁን ፍራሻቸውን አውርደው ግቢው መሐል አንጥፈው አድረዋል። የእኛ አገር ሰው በበጋ ከሙቀቱ የተነሣ ከጣራ ሥር አይተኛም፤ አልጋውን ደጅ ያወጣል። በጋ ሁሉም ዘንድ አንድ መስሏቸዋል።

«ምነው ጋሼ፣ በዚህ ብርድ?»

«ክፍሉ አፈነኛ! መስኮቱ እንኳ እጅ አያሾልክም።»

ጥር ነበር። ያን ቀን እንጦጦ ላይ ሌላው ሲዞር እሳቸው ጋቢና ውስጥ ጃኬቴን ደርበው ሲንቀጠቀጡ ዋሉ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ክሊኒክ ወሰድናቸው። ደረታቸውን ብርድ መትቷቸዋል ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጣቸውና ይረፉ አሏቸው።

አስተባባሪው ደሳለኝ ክፉ ልጅ አይደለም። ሽማግሌው እጁ ላይ እንዳይሞቱበት ፈርቷል። «ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ ይተኙ። አንበሳው የትም አይሄድም፤ ለከርሞ ያዩታል» አላቸው።

«ለከርሞ?» አሉ። ወደ እኔም ወደ እሱም አላዩም።

እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ለከርሞ ማን እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ንዴቴ መጣ። በሥራ ዘመኔ ከአለቃ ጋር አፍ ተካፍቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን «ደሳለኝ፣ እኒህ ሰው አንበሳውን ሳያዩ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም» አልሁት።

«ለባለንብረቱ እደውላለሁ!»

«ደውል። ቁጥሩን ልስጥህ?»

ስልኩን አወጣ፣ ጥቂት ቆየና መልሶ ኪሱ ከተተው። «በሉ እሳቸውም ይምጡ፤ አይተው ቶሎ ይመለሱ» አለ።

ያን ቀን መኪናዋን አቁሜ አንበሳው ወዳለበት ግቢ እኔም ገባሁ። ጋሽ ፈንታሁንን በክንዳቸው ደግፌ አጥሩ ድረስ አደረስኋቸው። አንበሳው ተኝቶ ነበር። ሳይታይ ሊቀር ነው ብዬ ስሳቀቅ ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ አዛጋ፣ በፊታችንም ቀስ ብሎ አለፈ። ሲያዛጋ ጉሮሮው ድረስ ይታያል።

ጋሽ ፈንታሁን ብረቱን ይዘው ቆሙ። ይረግሙታል ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይኼን ያህላል እንዴ?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጫንቃውን እየው። መንጋጋውን እየው።» እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። «እንግዲያስ አዱኛ አልተጣራም። ከየት ጊዜ አግኝቶ ይጣራል?»

እጃቸውን ከብረቱ ላይ አነሡ። «በቃኝ። እንሂድ፣ ልጄ» አሉኝ።

አሁን ጉብኝቱ ቆሟል ማለት ይቻላል። መንገዱ አያስተማምንም፣ ነዳጅ ሰልፍ ነው፣ ወገቤም ረጅም መንገድ አልችል ብሏል። መሪ ለያዛችሁ ልጆች የምላችሁ አጭር ነው። ጎብኚ ስትጭኑ ምን ሊያይ እንደመጣ ጠይቁት፤ እሱን በመጀመሪያው ቀን አሳዩት። ሙዚየሙ ኋላ ይደርሳል።