ከጠመንጃ የተቋጠረ ነጠላ

ባለፈው ሰሞን ሁለት የሕግ ተማሪዎች ሞጣ ካለው ሱቄ ደጃፍ ዝናብ ተጠልለው፣ ወታደር ሰልፈኛ ላይ የሚሰማራው በማን ፈቃድ ነው እያሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ደራ፤ ግዢ ግን የለም። እኔ በሐሳብ ቢቸና ገባሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ ነጠላ በበቅሎ ጭኜ ቢቸና ገበያ እወርድ ነበር። አንድ ጥር፣ ለመንግሥት የምናስገባው የእህል ኮታ በዛብን ብለው አቤት ያሉ ሽማግሌዎች ታሰሩ። አባቴም አብሮ ገባ። በገበያው ቀን ሕዝቡ ሸቀጡን ትቶ አስተዳደሩ ግቢ ፊት ተቀመጠ። «ሽማግሌዎቻችንን ፍቱልን!»

ወታደር በካሚዮን መጣ፤ ተሰለፈ። መቶ አለቃው «ተበተኑ! አለዚያ ይተኮሳል!» አለ። ጠመንጃው ተቀባበለ። የማኝከው የሽምብራ ቆሎ አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነ።

ይኼኔ ቅቤ ሻጯ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ተነሡ። ባላቸው ከአባቴ ጋር ታስረዋል። ዳር ወደቆመው ወታደር ሄደው «በሕግ አምላክ!» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ከጠመንጃው ማንገቻ ጋር ቋጠሩት። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ልብሳቸው ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ቁራኛ ይባላል። ዳኛ ሳይፈታው አይፈታም።

ወታደሩ የገበሬ ልጅ ነው መሰል፣ ደርቆ ቀረ።

«ፍቺው፣ አንቺ አሮጊት!» አለ መቶ አለቃው።

«ዳኛ ይፍታን፣ ጌታዬ።»

«ዳኛው እኔ ነኝ!»

«ከሳሹም አንተ፣ ተኳሹም አንተ፤ ዳኝነቱን እንኳ ለሰው ተው እንጂ!»

ከወታደሮቹ መሐል ሳቅ አመለጠ። ከዚያ የገበያው ሴቶች አንድ በአንድ ተነሥተው በየወታደሩ ላይ ይቋጥሩ ጀመር። ነጠላ የሌላት ከእኔ ጭነት እየመዘዘች ሄደች፤ ዕቃዬ እንደዚያ ቀን ያለ ክርክር ወጥቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ብረት በፈትል ተይዞ ቆመ።

መቶ አለቃው ዙሪያውን አየ፤ በመጨረሻ የወረዳውን ዳኛ አስጠራ። ቀጭን ሰው ነበሩ። «ነገሩ እስኪታይ ማንም ማንንም እንዳይነካ» አሉና ቋጠሮውን ሁሉ በእጃቸው ፈቱ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ።

አባቴ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በማግስቱ ተፈታ። ሰንብቶ ዳኛውን ወሰዷቸው፤ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ይህን ስነግራቸው አንደኛው ተማሪ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ያን ያደረጉት በየትኛው አንቀጽ ነው?» አለኝ።

«ሕገ መንግሥቱማ ያኔ ታግዶ ነበር» አልሁት።

ዝናቡ አባራ። ዛሬም ነጠላ ስሸጥ ጫፉን ይዤ አጥብቄ እጎትታለሁ። ደንበኛው ጥራቱን የማሳየው ይመስለዋል።