እንግዳ ሳይቀምስ

ማንአልሞሽ ይርጉ ሲያትል በገባች በሦስተኛው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1986፣ ሶዶ ከሚባለው የከተማዋ ሰፈር መጋዘኖች በስተደቡብ፣ ወንዙ ዳር ባለች አንዲት የእንጨት ቤት አሮጊት ልትጠብቅ ተቀጠረች። አሮጊቷ ሊዮና ይባላሉ። ከተማው ሳይቆረቆር ዘመዶቻቸው እዚያው የኖሩ ዱዋሚሽ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ናቸው። አሁን ግን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል፤ ጠዋት የነገሯቸው ከሰዓት በኋላ የለም።

ልጃቸው ግሎሪያ ዓሣ ፋብሪካ ስለምትሠራ ቀን ቀን ከቤት አትገኝም። በመጀመሪያው ቀን ለማንአልሞሽ አንድ ነገር ብቻ ነገረቻት፤ "እናቴ እየከሳች ነው። ቤት ድረስ እየመጣች የምታያት ነርስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ትመዝናታለች። ከዚህ ከቀነሰች መጦሪያ ቤት ትገባለች። እዚያ ደግሞ የሚያውቃት ሰው የለም።"

ማንአልሞሽ ያደገችው ትልቅ ሰው በልቶ እስኪያበቃ ቆማ እያስተናገደች ነው። እንደለመደችው ምሳውን አቅርባ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች።

"ይብሉ እንጂ፣ እማማ።"

"አንቺስ?" ይላሉ ሊዮና ሳህኑን እየገፉላት። "ብዪ።"

"ኧረ ጠግቤያለሁ!"

"ቅመሺ።"

"በሞቴ፣ እርስዎ ይብሉ!"

ሆዷ እየጮኸ ሦስቴ እምቢ ትላለች፤ በሰው ቤት በመጀመሪያ ግብዣ ዘሎ ገበታ መቅረብ ነውር ነው። አሮጊቷም እጃቸውን ሰብስበው በመስኮት ወንዙን ያያሉ። ዓሣው ይቀዘቅዛል። ሾርባ ሞከረች፤ አልሆነም። ድንች ፈጭታ በማንኪያ ልታጎርሳቸው ብትል አፋቸውን ገጠሙ። ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ "በኔ ምክንያት ሊወስዷቸው ነው" እያለች ትብሰለሰላለች።

ነርሷ ልትመጣ አምስት ቀን ሲቀራት ግሎሪያ ከሥራ ቀድማ ገባች። በሩ ላይ ቆማ የሁለቱን ግብግብ ሰማችና በሳቅ ፈነዳች።

"ለምንድን ነው የቆምሽው?"

"ለክብራቸው ነዋ!"

"ኦኬ፣ ስሚኝ። በእናቴ ቤት እንግዳ ሳይቀምስ ባለቤት አይበላም። ስሜን እንኳ ረስታለች፣ ይቺን ግን አልረሳችም። አንቺ ቆመሽ እሷን ትጠብቂያለሽ፣ እሷ ተቀምጣ አንቺን ትጠብቃለች። በጨዋነት ልታልቁ እኮ ነው!"

ማንአልሞሽ እያፈረች ወንበር ሳበች። በጢስ ከደረቀው ዓሣ ቆርሳ ጎረሰች። ሊዮና እስክትውጥ ጠበቁና "ጥሩ ነው?" አሏት።

"ግሩም ነው፣ እማማ።"

"እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት" አሉ ኮራ ብለው። ያዘጋጀችው ግሎሪያ ብትሆንም ማንም አላረማቸውም። ከዚያ ሹካቸውን አነሱ።

ከዚያ ወዲያ ማንአልሞሽ በየቀኑ አዲስ እንግዳ ሆነች።

"ከየት መጣሽ፣ ልጄ?"

"ከሩቅ።"

"እንግዲያው ርቦሻል! ቁጭ በይ።"

ነርሷ መጥታ ሊዮናን መዘነቻቸው። አልቀነሱም፤ እንዲያውም ግማሽ ኪሎ ጨምረዋል። የመጦሪያ ቤቱን ፎርም ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። የማንአልሞሽ ጉርድ ግን ወገቡ ላይ እምቢ ማለት ጀምሯል።

ሊዮና ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ ነርሷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ነይ፣ ብዪ!"

"አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ማንአልሞሽ ቀድማ ወንበር ሳበችላት። "ቁጭ በይ፣ እህቴ" አለቻት። "አለበለዚያ ምሳችን መቀዝቀዙ ነው።"