ስድስት ሺህ ብር ብቻ

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር፣ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራዬ የክፍያ ማዘዣ መጻፍ ነበር። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ በአሃዝ፣ አንዴ በፊደል። በፊደል የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። ገንዘብ ያዧ ብሩን ከመቁጠሯ በፊት ያንን መስመር ጮክ ብላ ታነባለች። ማንበብ የማይችል ሰው የሚቀበለውን በጆሮው ሰምቶ ነው አሻራውን የሚያሳርፈው።

እኔ ግን ሰለቸኝ። የወር መጨረሻ ሲደርስ የአፈር እርከን ሥራው፣ የመኪና ኪራዩ፣ የውሎ አበሉ ማዘዣ ይከመራል። «ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ብቻ» እያልኩ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ስደበድብ እውላለሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደ አዲስ ነው። ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ስለዚህ ኤክሴል ላይ አንድ ገጽ ከፍቼ ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች በአማርኛ ደረደርኩ። በሌላው ገጽ ላይ አሃዝ ሲገባ ሺውን፣ መቶውንና ቀሪውን ለያይቶ ቃሉን ከዚያ የሚያመጣ ፎርሙላ ሠራሁ። መጀመሪያ ላይ መቶ የሌለውን ሁሉ «ዜሮ መቶ» እያለ አስቸገረኝ። እሱንም አስተካከልኩት።

ለኃላፊው አሳየሁት። ወንበሬን ስቦ ተቀመጠና ራሱ አሃዝ አስገባ፤ ቃሉ ከች አለ። ሳቀ። ሌላ አስገባ።

«ማንም ሰው ይችለዋል ማለት ነው?»

«አሃዝ መምታት የሚችል ሁሉ።»

«እንግዲያ አንቺን ምን ልናደርግሽ ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኮንትራቴ የሚያበቃው በዚያው ወር መጨረሻ ነበር። በማግስቱ ሒሳብ ሹሙ ጠሩኝ፤ ዕድሜያቸው ለጡረታ የተቃረበ ሰው ናቸው።

«ኮንትራቷ አይታደስም ብሏል ኃላፊው። አብሽሪ። በገዛ እጅሽ እኮ ነው ልጄ።»

«ጋሼ፣ ማመስገን ነበረባችሁ» አልኳቸው።

«ማመስገኑንማ አመስግኗል። በደብዳቤ ይጻፍልሽ እንዴ?»

ካልታደሰልኝ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ወይ ወደ ከላላ ወረዳ፣ ቤተሰቦቼ ጋ መመለስ፣ ወይ እንደ ክፍል ጓደኞቼ ፓስፖርቴን ለደላላ ሰጥቼ ዐረብ አገር መሄድ። ሁለቱንም አልፈለግኩም።

በቀሩት ቀናት ኃላፊው ማዘዣውን ራሱ ያስገባ ጀመር። ደስ ብሎታል። እኔ ማተሚያው ላይ ወረቀት እጨምራለሁ።

አንድ ጠዋት መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ምርጥ ዘር ያመላለሰ የበቅሎ ባለቤት ክፍያውን ሊቀበል መጣ። እኔ ከገንዘብ ያዧ ኋላ ቆሜ ማኅተም እየጠበቅኩ ነበር። ማዘዣውን አንሥታ በመስኮቱ አነበበችለት።

«ስድስት ሺህ ብር ብቻ።»

የሰውየው አውራ ጣት ቀለሙ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«ስንት አልሽ?»

«ስድስት ሺህ።»

«እቱ፣ በቅሎዋን ሸጥኩላችሁ እንዴ? ወላሂ ብትሸጥም ይህን አታወጣም! ያከራየኋችሁ በስድስት መቶ ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። «ዝም ብለህ ተቀበል እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለ ከኋላው የቆመው።

«ነገ መልስ ሲሉኝ አንተ ትከፍልልኛለህ?»

ገንዘብ ያዧ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። አሃዙ 6,000፣ ቃሉ ስድስት ሺህ። ፊርማው ሁሉ ተሟልቷል። ሒሳብ ሹሙ ተጠርተው መጡ፤ ውሉን አውጥተው ከማዘዣው አጠገብ አስቀመጡት። ስድስት መቶ ይላል።

«እኔ ስፈርም የማየው ሁለቱ መስማማታቸውን ነው» አሉ። «ተስማምተዋል።»

እውነታቸውን ነው። ቃሉን የሚያመጣው አሃዙ ስለሆነ አሃዙ ሲሳሳት ቃሉም ተከትሎት ይሳሳታል። በፊት አሃዙን ሒሳብ ክፍል ሞልቶ ይልክልኝ ነበር፤ ቃሉን ግን እኔ ከውሉ ላይ እያየሁ ነበር የምጽፈው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። ፎርሙላውን ስሠራ ይህ በሐሳቤ አልመጣም፤ እነሱም አላሰቡትም።

ሒሳብ ሹሙ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። በሩን አልዘጉትም።

«ከእንግዲህ ቃሉን ሌላ ሰው ከውሉ እያየ ካልጻፈው አልፈርምም።»

«ማሽኑ እኮ አልተሳሳተም።»

«የተሳሳትከውማ አንተ ነህ። ማሽኑ የነገርከውን ነው የጻፈው።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራኝ። «ስድስት ወር» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ቋሚስ?»

«ስድስት ወር ነው ያልኩሽ።»

ደመወዜም ያው የድሮው ነበር። ፈረምኩ።

በነጋታው ፎርሙላውን ከቃሉ ዓምድ ላይ አጠፋሁት። ሒሳብ ሹሙ አጠገቤ ቆመው፣ «አሃዙን በወረቀት ሸፍኚው፤ ውሉን ብቻ እያየሽ» አሉኝ። ሸፈንኩት። ከደጎሎ ሲሚንቶ ያመጣ መኪና የኪራይ ውል ነበር። በፊደል መምታት ጀመርኩ።